መከላከያው ከምን እንደሚከላከል ይጻፍበት

ለወልቂጤ ከተማ ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት
ለቡታጅራ ከተማ ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ የኤሌክትሪክ መከላከያ ዕቃዎች ከምን እንደሚከላከሉ በግልጽ ተጽፎባቸው እንዲሸጡ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

በከተሞቻችን የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቶ «መብራት ቴሌቪዥኔን እንዳያቃጥልብኝ ተከላካይ ስጡኝ» ያለ ሰው፣ እንደገባበት ሱቅ የተለያየ ዕቃ ይዞ ይወጣል። አንዱ ዲቫይደር ይሸጥለታል፤ ሌላው ስታብላይዘር፤ ሌላው ጋርድ፤ ጠርቀም ያለ ብር የያዘ ከመሰለ ደግሞ ዩፒኤስ። ሁሉም በሻጩ አንደበት «ተከላካይ» ናቸው። ከምን እንደሚከላከሉ ግን ሻጩም አይናገርም፣ ገዢውም አይጠይቅም፣ ካርቶኑም በአማርኛ አይገልጽም። በጥገና ሥራ የምተዳደር በመሆኔ የዚህን ዝምታ ዋጋ ሥራዬ ላይ አያለሁ። የተቃጠለ ቴሌቪዥን ይዘው የሚመጡ ደንበኞች ብዙ ጊዜ ተከላካዩንም አብረው ይዘውልኝ ይመጣሉ። «ተከላካይ ነበረው እኮ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ነበረው። ዕቃው የተሠራው እነሱ ላይ ለደረሰው ዓይነት አደጋ አልነበረም፤ ይህንን ደግሞ የነገራቸው የለም።

ጥያቄዬን ከወዲሁ ላስቀምጥ። በወልቂጤና በቡታጅራ በሚሸጥ ማንኛውም የኤሌክትሪክ መከላከያ ዕቃ ላይ ሦስት ነገሮች በአማርኛ ተጽፈው እንዲለጠፉ ጽሕፈት ቤቶቻችሁ ያድርጉልን፦ በስንት ቮልት ላይ እንደሚቆርጥ፣ ስንት አምፔር እንደሚችል፣ ለመሥራት የግራውንድ ሽቦ ይፈልግ እንደሆነ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሦስቱ ለምን እንደሚያስፈልጉ ነው። ደብዳቤው የተጻፈው ለእናንተ ቢሆንም ገዢውም ሻጩም እንዲያነበው ብዬ በግልጽ አውጥቼዋለሁ።

ከመስመር የሚመጣ ጉዳት ሦስት መልክ አለው፤ ሕዝቡ ግን ሦስቱንም «መብራት አቃጠለው» ብሎ በአንድ ስም ይጠራቸዋል። የመጀመሪያው የቅጽበት ነው። መብረቅ በመስመሩ አቅራቢያ ሲወርድ፣ ወይም በመስመሩ ላይ ከባድ ሞተር ሲጠፋና ሲነሳ፣ በሽቦው ላይ ብዙ መቶ ወይም ብዙ ሺህ ቮልት የሚደርስ ግፊት ይነሳል፤ ዕድሜው ግን ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍልፋዮች የሚዘል አይደለም። ሰርጅ የሚባለው ይህ ነው። ሁለተኛው ቮልቴጅ ከ220 በላይ ወጥቶ ለደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ለሰዓታት እዚያው ሲቆይ ነው። ሦስተኛው ቮልቴጅ መውረዱና መብራት በተደጋጋሚ ሄዶ መምጣቱ ነው።

በእኔ ጠረጴዛ ላይ ብዙውን ጉዳት አድርሶ የማየው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ እሱ ላይ ቆም ልበል።

ከሰፈር ትራንስፎርመር አራት ሽቦዎች ይወጣሉ፦ ሦስት ፌዝና አንድ ኒውትራል። በአንድ ፌዝና በኒውትራሉ መካከል ያለው 220 ቮልት ነው፤ በሁለት ፌዞች መካከል ግን 380 ቮልት አለ። እያንዳንዱ ቤት ከሦስቱ ፌዞች አንዱን ይወስዳል፣ ኒውትራሉን ግን ሰፈሩ በሙሉ ይጋራዋል። በነፋስ የወደቀ ቅርንጫፍ፣ የላላ ማያያዣ፣ ከፍ አድርጎ የጫነ መኪና፣ ከእነዚህ አንዱ ኒውትራሉን ከበጠሰው በሁለት ፌዞች ላይ ያሉ ቤቶች ሳያውቁት ተያይዘው 380ውን ይካፈሉታል። ክፍፍሉ እኩል አይደለም። ብዙ ዕቃ የከፈተ ቤት ትንሽ ቮልት ይደርሰዋል፤ ጥቂት የከፈተ ቤት ብዙ። ምጣድ የጣደችው እናት ምጣዱ አልግል ሲላት፣ ማዶ ያለው ጎረቤት አንድ አምፖልና አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ስለከፈተ 300 ቮልትና ከዚያ በላይ ይጫንበታል። አምፖሉ ባልተለመደ ሁኔታ ይደምቃል፣ ከዚያ ይፈነዳል፤ ቴሌቪዥኑም ይከተላል። በአንድ ምሽት በአንድ ሰፈር ብዙ ቴሌቪዥን ተቃጥሎ ሌላ ሰፈር ምንም ካልሆነ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ «ታዲያ ብሬከሩ ለምን አልወረደም?» ብሎ ነው። ብሬከር የሚወርደው በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው አምፔር ሲበዛ ነው። ቮልት ሲበዛ አያውቅም። ፊውዝም እንዲሁ፤ የሚቀልጠው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ከተጎዳ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዲቫይደሩ ልምጣ። ከገበያ በብዛት የሚገዛውንና «ሰርጅ ፕሮቴክተር» ተብሎ በላዩ የተጻፈበትን ዲቫይደር ከፍቼ ሳይ ብዙ ጊዜ የማገኘው ሁለት ሦስት ቀጭን የነሐስ ዘንግና መብራት ያላት ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ቀይዋ መብራት ኃይል መምጣቱን ከመናገር ያለፈ ሥራ የላትም። ሻል ባለው ውስጥ የአሥር ሳንቲም የምታህል፣ ሰማያዊ ወይም ቢጫ፣ ክብ ነገር ትገኛለች፤ ቫሪስተር ትባላለች። ከዚንክ ኦክሳይድ የምትሠራ ስትሆን በጃፓን የማትሱሺታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ያወጣት ናት። በጎ ሥራ ትሠራለች፦ ቮልቴጁ ደህና እስከሆነ ድረስ ዝም ብላ ትቀመጣለች፤ ከልክ ሲያልፍ መንገድ ከፍታ ትርፉን ወደ ሌላው ሽቦ ታሳልፈዋለች። የክረምት ጎርፍን ከቤት አዙሮ ወደ ወንዝ እንደሚወስድ ቦይ ናት ብንል ያስኬዳል። ቦዩ ለአንድ ደራሽ ጎርፍ ተቆፍሯል፤ ወንዙ ራሱ አቅጣጫ ቀይሮ ሌሊቱን ሙሉ ቢፈስበት ግን ይደረመሳል። ቫሪስተርም ለሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍልፋይ የተሠራች በመሆኗ ኒውትራል ተበጥሶ 320 ቮልት ሲቆይባት ትግላለች፣ ትጨሳለች፣ ደህና ያልተሠራች ከሆነች ፕላስቲኩን ታቀጣጥላለች። ግድግዳው ጭቃ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ በሆነ ቤት ውስጥ ይህ የቴሌቪዥን ጉዳይ መሆኑ ያበቃል።

ለዚህ ለሁለተኛው ጉዳት የሚሆነው ዕቃ ጋርድ ነው። ሱቆቻችን «ቲቪ ጋርድ» እና «ፍሪጅ ጋርድ» እያሉ ይሸጡታል። ውስጡ ቮልቴጁን ያለማቋረጥ የሚለካ ትንሽ ሰርኪዩትና ሪሌ አለ። ቮልቴጁ ከተወሰነው በላይ ሲወጣ ወይም በታች ሲወርድ ሪሌው መስመሩን ይቆርጣል፤ ሲስተካከል ጥቂት ቆይቶ መልሶ ያገናኛል። አንዳንዱ ቮልቱን በቁጥር ያሳያል፤ ባለ ቁጥሩን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም የቤቱ ሰው መስመሩ ምን ላይ እንዳለ በዓይኑ አይቶ መናገር ይችላል። ስትገዙ የምትጠይቁት መቁረጫውን ነው። ከ250 እስከ 260 ቮልት ባለው ውስጥ የሚቆርጥ ለከተሞቻችን ይሆናል። እስከ 280 የሚታገሥ ካገኛችሁ ተዉት። የታችኛው መቁረጫ ለፍሪጅ 180 አካባቢ ቢሆን ደግ ነው። ካርቶኑ ላይ ቁጥሩ ከሌለ ሻጩን ጠይቁ፤ ሻጩ ካላወቀ አትግዙ።

የፍሪጅ ነገር ራሱን የቻለ ነው። የፍሪጅ ኮምፕረሰር ጋዙን በግፊት ይገፋል፤ መብራት ሲሄድ ግፊቱ ተስተካክሎ እስኪረግብ ድረስ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይፈልጋል። በዚህ መካከል መብራት ቢመጣና ኮምፕረሰሩ በግፊቱ ላይ ሊነሳ ቢሞክር ሞተሩ ተቆልፎ ብዙ አምፔር ይስባል፣ ይግላል። መብራት ሄድ መጣ ሲል ፍሪጅን የሚገድለው ይህ ነው። ቮልቴጅ ሲወርድም እንዲሁ ነው፤ ማታ ሰፈሩ በሙሉ እንጀራ ሲጋግር 160 ቮልት ላይ ለመነሳት የሚታገል ኮምፕረሰር ድምፁ ይለያል፤ ጎረቤት ሳይቀር ይሰማዋል። ስለዚህ ለፍሪጅ የሚገዛ ጋርድ መልሶ ለማገናኘት ቢያንስ ሦስት ደቂቃ የሚቆይ ይሁን። ሠላሳ ሰከንድ የሚቆየው ለቴሌቪዥን ነው እንጂ ለፍሪጅ አይሆንም። ሱቆች ሁለቱን ቀላቅለው ሲሸጡ አያለሁ፤ ዋጋቸው ስለሚቀራረብ ገዢው አይጠረጥርም።

ቮልቴጅን የሚያስተካክለው ስታብላይዘር ሌላው ብዙ ብር የሚባክንበት ነው። የቴሌቪዥናችሁን ጀርባ አንብቡ። አሁን ከሚሸጡት ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ድረስ እንደሚሠሩ ተጽፎባቸዋል። የላፕቶፕና የስልክ ቻርጀሮችም እንዲሁ ናቸው። ይህ የተጻፈበት ዕቃ ቮልቴጅ ቢወርድበት ግድ የለውም፤ ስለዚህ ለእሱ ስታብላይዘር መግዛት አያስፈልግም። የሚጎዳው ሲበዛበት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጋርድ ይበቃል። ስታብላይዘር ጥቅም የሚሰጠው ለፍሪጅና ሞተር ላለው ዕቃ ነው። ያንንም ሲገዙ የፍሪጁ መነሻ አምፔር ከመደበኛው ብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ማስታወስ ይገባል፤ 500 ቪኤ የተባለው ትንሹ ለፍሪጅ አይሆንም። ደግሞ ስታብላይዘሩ ከአቅሙ በላይ ቮልት ሲመጣበት የሚቆርጥ መሆኑን ጠይቁ። የማይቆርጥ ከሆነ ትርፉን ቮልት ወደ ዕቃችሁ ያሳልፈዋል።

ምጣድ ምንም ተከላካይ አይፈልግም፤ ውስጡ ሽቦና ሸክላ ነው። ነገር ግን 3500 ዋት የሚወስድ ምጣድ 16 አምፔር ይስባል። 10 አምፔር ተብሎ በተጻፈበት ዲቫይደር ላይ ምጣድ መሰካት ቤትን በእጅ ማቃጠል ነው። ምጣድ ከቦርዱ በራሱ ወፍራም ሽቦና በራሱ ብሬከር ይምጣ።

ከውጭ አገር የሚላክ ዕቃንም እዚህ ላይ ላንሳ፣ ብዙ ቤት ስለገጠመኝ። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ለቤተሰብ በማሰብ ጥሩ የሚባሉ፣ ውድ ሰርጅ ፕሮቴክተሮችን ይልካሉ። የእነሱ አገር መስመር 120 ቮልት ነው። ዕቃው ላይ 125 ቮልት ተብሎ ይጻፋል፤ ውስጡ ያሉት ቫሪስተሮችም ለዚያ የተመጠኑ ናቸው። በእኛ 220 ላይ ሲሰካ ቫሪስተሮቹ መደበኛውን መስመር እንደ አደጋ ቆጥረው ወዲያው መንገድ ይከፍታሉ። ውጤቱ ጢስ ነው። ጥራቱ ከፍ ያለ መሆኑ እዚህ አያድነውም። የመሰኪያውን ቅርጽ በአዳፕተር ቀይሮ ማስገባትም ቮልቱን አይቀይረውም። ላኪዎች፣ እባካችሁ ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የሆነውንና 220 ወይም 230 ቮልት የተጻፈበትን ላኩ፤ ካልሆነም ብሩን ላኩና እዚሁ ይገዛ።

መብረቅ የመጨረሻው ነው፤ ለእኛ አካባቢ ግን ትንሽ ነገር አይደለም። ዘቢዳር ተራራ ላይ የሚሰበሰበው ደመና በበልግም በክረምትም ሲያጓራ ቡታጅራ ያለ ሰው ያውቀዋል፤ ከወልቂጤ ወደ ጊቤ የሚወርደው ቆላም እንዲሁ። በቀድሞው የቤተ ጉራጌ እምነት ነጎድጓድ ቦዠ የተባለ አምላክ ድርሻ ነበር። ዊሊያም ሻክ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ከጻፈባቸው ነገሮችም አንዱ ይኸው ቦዠ ነው። አባቶቻችን የመብረቅን ኃይል አሳንሰው አላዩትም፤ እኛም ሱቅ ውስጥ በተገዛች ሳጥን ልናሳንሰው አይገባም። አንድ መብረቅ በሺዎች፣ ብዙ ጊዜም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር አምፔር ይዞ ይወርዳል። ቤቱ ላይ ወይም ደጁ ያለው ምሰሶ ላይ ከወረደ በሶኬት የሚሰካ ምንም ዕቃ አያቆመውም። ነጎድጓድ ሲቃረብ መሰኪያውን መንቀል፣ የዲሹንም ኬብል ከሪሲቨሩ ማውጣት ነው መፍትሔው። ብዙ ሰው መሰኪያውን ነቅሎ ዲሹን ይረሳዋል፤ ዲሹ ጣሪያ ላይ የቆመ ብረት ነው፣ ኬብሉም የሚገባው ቴሌቪዥኑ ድረስ ነው። በመዳብ ሽቦ የሚገባ የስልክና የኢንተርኔት መስመርም ያው ነው። ነጎድጓዱ ደጅ ላይ ከደረሰ በኋላ ግን ገመድ አትንኩ፤ የሰው ሕይወት ይበልጣል።

ራቅ ብሎ የወረደ መብረቅ በመስመር የሚልከውን ግፊት ግን መከላከል ይቻላል፤ እውነተኛው ሰርጅ ፕሮቴክተር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ጥሩው የሚቀመጠው ከቆጣሪው ቀጥሎ ቦርዱ ውስጥ ነው፤ ዓይነት 2 ይባላል፤ በዓለም አቀፉ የአይኢሲ 61643 ደረጃ የተመረተ መሆኑ ይጻፍበታል። ላዩ ላይ ከተጻፉት ሁለት ቁጥሮችን ፈልጉ። አንዱ ያለማቋረጥ የሚችለው ቮልት ነው፤ 275 የሚል ብዙ ነው፣ መስመራችን ከፍ ዝቅ ስለሚል ግን 320 ወይም 385 የሚለው ይሻለናል፤ 275ቱ ኒውትራል በተበጠሰ ቀን ራሱ ይቃጠላል። ሁለተኛው ግፊቱን በስንት ላይ ገድቦ እንደሚያሳልፍ የሚናገረው ነው፤ 1500 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ቢሆን ጥሩ ነው፤ ተራ የቤት ዕቃ ለቅጽበት እስከ 2500 ቮልት እንዲችል ተደርጎ ይሠራል፣ ረቂቅ ኤሌክትሮኒክስ ግን ያን ያህል አይችልም። ባለ ሶኬቱን ለሚገዛ ደግሞ ጁል የሚለው ቁጥር አለ። ከፍ ባለ ቁጥር ዕድሜው ይረዝማል፤ ከ1000 በታች ለሆነው ብዙ ብር አልከፍልም። ቫሪስተር በእያንዳንዱ ምት ትንሽ ትንሽ ትሞታለች፤ ስለዚህ መሞቷን የሚያሳይ መብራት ያለውን ምረጡ፤ መብራቱ ሲጠፋ ዕቃው ዲቫይደር ብቻ ሆኗልና ቀይሩት።

ሰርጅ ፕሮቴክተር ግን ግራውንድ ይፈልጋል። ከመከላከያው የሚፈሰው ትርፍ የሚሄድበት መሬት ከሌለ በሌላ ዕቃ በኩል መውጫ ይፈልጋል። ብዙ ቤቶቻችን ከቆጣሪው የሚወስዱት ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ ግራውንድ ያለው የሚመስል ሶኬት ተገጥሞ ከኋላው ግን ለግራውንዱ የተሳበ ሽቦ የለም። ባለ ግራውንድ መሰኪያን በባለ ሁለት እግር አዳፕተር መሰካትም ያንኑ ያደርጋል። በእንዲህ ያለ ቤት ሰርጅ ፕሮቴክተር በፌዝና በኒውትራል መካከል ያለውን ብቻ ይጠብቃል፤ የቀረውን አይችልም። ግራውንድ ማስገባት ከቴሌቪዥኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ወጪ ነው፦ መዳብ የተለበጠ ዘንግ ሁለት ሜትር ገደማ መሬት ውስጥ መትከል፣ ከዚያ ወደ ቦርዱ ሽቦ መሳብ። በቡታጅራ ዙሪያ ድንጋያማው መሬት ዘንግ አላስገባ ይላል፤ በበጋም ስለሚደርቅ ኃይል በደንብ አይቀበልም። እዚያ ሁለት ዘንግ ተራርቆ ቢተከልና ቢያያዝ ይረዳል። የተከለው ባለሙያ በሜትር ለክቶ ውጤቱን ያሳያችሁ፤ ሳይለካ «ጨርሻለሁ» ያለውን አትክፈሉት።

ክቡራን፣ ይህን ሁሉ አንድ ገዢ ከሱቅ ፊት ቆሞ ሊያውቀው አይችልም። እንዲያውቀውም መጠበቅ ፍትሕ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። «ተከላካይ ነው» የሚል ቃል በቂ መረጃ አይደለም። ላዩ ላይ 30 አምፔር ተጽፎበት ውስጡ ያለው ሪሌ ላይ 10 አምፔር የሚል የታተመበት ጋርድ ከፍቼ አይቻለሁ፤ ይህ ደግሞ በቂ ካለመሆንም አልፎ ትክክለኛ ያልሆነ መረጃ ነው።

የሚጎዳውን ሰው አስቡልኝ። ጉብሬ አካባቢ ለዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ፎቶ ኮፒ የሚያነሳ ወጣት ማሽኑ ከተቃጠለ ሥራው ተዘጋ። ፍሪጅ በብድር ገዝታ ቀዝቃዛ ውኃና ለስላሳ የምትሸጥ ሴት ኮምፕረሰሩ ከሞተ ብድሩ አልሞተላትም። አዲስ አበባ መርካቶ የሚሠራ ልጅ ለመስቀል ወደ አገሩ ሲገባ ለእናቱ ፍሪጅ ወይም ቴሌቪዥን ጭኖ ይመጣል፤ የጉራጌ ቤት በዚያ ሰሞን ይሞላል፣ ምጣዱና ፍሪጁ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰካል፣ ነጎድጓዱም ገና አላበቃም። አዲስ ዕቃ ለመቃጠል ከዚያ ሳምንት የበለጠ አመቺ ጊዜ የለም።

ስለዚህ ከመለያ ጽሑፉ ሌላ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በሁለቱም ከተሞች ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች፣ ወልቂጤ ላይ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው የኤሌክትሪክ ምህንድስና ትምህርት ክፍል፣ ቮልቴጅን ከፍና ዝቅ እያደረጉ የሚፈትኑበት መሣሪያ ይኖራቸዋል ብዬ አምናለሁ። ከየሱቁ ናሙና ወስዳችሁ በእነሱ ብታስፈትኑ በምን ቮልት እንደሚቆርጥ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ በአንድ ቀን ይታወቃል። ያለፈው ላይ ማለፉ ይጻፍበት፤ ያላለፈው ከመደርደሪያ ይነሳ። ሁለተኛ፣ ደረሰኝ ላይ «ኤሌክትሮኒክስ» ተብሎ መጻፉ ይቅር፤ የዕቃው ስም፣ ቮልቱና አምፔሩ ይጻፍ። ገዢው ለክርክር የሚይዘው ማስረጃ እሱ ብቻ ነው።

ግልባጭ ለማደርግላቸው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የሁለቱ ከተሞች ማዕከላት አንድ ቃል አለኝ። በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜ ላይ የተመረቀውን 5150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን የህዳሴ ግድብ ስናስብ፣ የአገሪቱ ኃይል ማደጉ ያስደስተናል። ዕቃችን የሚተርፈውና የሚቃጠለው ግን ከሰፈር ትራንስፎርመር እስከ ቆጣሪ ባለው አጭር መንገድ ላይ ነው። ከበዓል በፊት የኒውትራል ማያያዣዎች ተፈትሸው ቢጠብቁ፣ የትራንስፎርመሮቹ ግራውንድ ቢለካ፣ አዲስ ቆጣሪ የሚያስገባ ሰው ግራውንድ እንዲያስተክል ቢነገረው፣ ብዙ ቤት ይድናል። ሕዝቡም ድርሻ አለው፦ አምፖል ባልተለመደ ሁኔታ ሲደምቅ ወይም አንዱ ክፍል ሲደምቅ ሌላው ሲደበዝዝ ካያችሁ ሌላ ነገር ሳትጠብቁ ዋናውን ብሬከር አውርዱ፣ ከዚያ 905 ደውሉ፣ ለጎረቤትም ንገሩ።

ለዕድሮቻችንም ልጨምር። የጉራጌ ሕዝብ በ1950ዎቹ መንገድ በጋራ አዋጥቶ የሠራ ሕዝብ ነው። አንድ ዕድር አንድ ቮልት መለኪያ ሜትር ገዝቶ፣ አንድ የሰፈሩን ልጅ አለማምዶ፣ የየቤቱን ሶኬትና ግራውንድ ቢያስለካ ለዚያ የሚወጣው ከአንድ የተቃጠለ ቴሌቪዥን ጥገና አይበልጥም።

ለቤት የሚሆን አንድ ሐሳብ ከተፈለገ፣ ብር ያለው ሰው መጀመሪያ ግራውንድ ያስተክል፣ ከዚያ ለፍሪጁ ባለ ሦስት ደቂቃ ጋርድ፣ ለቴሌቪዥኑ ጋርድ፣ ከተረፈው ቦርዱ ውስጥ ዓይነት 2 ሰርጅ ፕሮቴክተር ያስገባ። ብሩ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃው ሰው ጋርድ ይግዛ። ቆንጆ ዲቫይደርን ተከላካይ ነው ብሎ አይግዛ።

ከሁለቱ ጽሕፈት ቤቶች የምጠብቀው መልስ ለእኔ በግል የሚላክ ደብዳቤ አይደለም። በየማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ፣ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴዎች ሁሉ እንዲያነቡት፣ መከላከያ ዕቃ የመቁረጫ ቮልቱ፣ አምፔሩና የግራውንድ ፍላጎቱ በአማርኛ ሳይጻፍበት እንዳይሸጥ የሚል አንድ ገጽ ማስታወቂያ እንድትለጥፉልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
በቡታጅራ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የወልቂጤና የቡታጅራ ማዕከላት
በሁለቱም ከተሞች ለሚገኙ ዕድሮችና የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴዎች